ሰባተኛው መሳቢያ

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ አትደንግጡ፤ ያመለጣችሁ ሁለት ውሸትና አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ደርቋል። ውሸቶቹ ግን እስከ ዛሬ ሲነኳቸው እጅ ላይ ይቀራሉ።

ለማንኛውም ከመጀመሪያው ላውራላችሁ። እኔ ቀለም ቀቢና የዕቃ ቫርኒሽ መቺ ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ አስተማሪዬን ብትጠይቁ ግን ትምህርቱ ነው እሱን የተወው ይላችኋል። እዚያ ቤት የተጠራሁት የሳሎኑን ግድግዳ ነጭ ቀብቼ፣ የቆዩትን ጥቋቁር የእንጨት ዕቃዎች አድሼ በሁለት ሳምንት እንድወጣ ነበር። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

የቤቱ ልጅ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች፤ ሰፈሩ "መሐንዲሷ" ይላታል። ባህር ጠረፍ ላይ ባለ ከተማ ጥሩ ሥራ አግኝታለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች። እናቷን፣ እኔ እትዬ የምላቸውን፣ አብረን እንሂድ ብላ ለምና ለምና ደክሟታል። የእትዬ መልስ አንድ ነው።

"እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ቡፌው ሲወጣ ነው።"

ቡፌው ደግሞ አይወጣም። ሟቹ ባለቤታቸው አናጢ አስገብተው እዚያው ሳሎን ውስጥ ያሠሩት ነው፤ ከበሩ በሁለት ክንድ ይሰፋል። አጠገቡ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር አሉ፤ ሁሉም ከሰል የሚያስንቁ ጥቁር ናቸው። መሐንዲሷ በመጨረሻ ሌላ መላ መጣላት። ከእናቷ መለያየቷ ካልቀረ፣ ይህን ሳሎን የባህር ዳርቻ ቤት ታደርገዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ባህር እያዩ ይኖራሉ። ነጭ ግድግዳ፣ ንፋስ የሚያነሳው ስስ መጋረጃ፣ የአሸዋ መልክ ያለው የሰሌን ምንጣፍ፣ ውሃ ሰማያዊ ትራሶች፣ ዙሪያውን ገመድ የተጠመጠመበት ክብ መስታወት። ዕቃዎቹንም ነጭ ቀባቸው አለችኝ።

ነጭ! ያንን እንጨት! ሰው አያቱን ዱቄት ውስጥ ያንከባልላል?

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። "እኔ የባህር ጠረፍ ልጅ ነኝ" አልኩ፤ "አባቴ የመርከብ አናጢ ነበር።" ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ተከተለ፦ "የባህር ሰው ነጭ ዕቃ አይወድም፤ ነጭ ዕቃ ለእንግዳ ማረፊያ ነው። የካፒቴኖች ቤት ብትገቡ ዕቃው ሁሉ ጥቁር ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ቡፌ ሲቆም ምን እንደሚመስል ያውቃሉ? ወደብ የገባ መርከብ!"

እትዬ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "በል ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ። ልጅቷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያ አስተያየት፣ ወገኖቼ፣ ሳልወጣበት ከመሰላል ጣለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ካፒቴን" ሆነ። እውነቱን ትፈልጋላችሁ? በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ የሰፈራችን የውሃ ታንከር የፈነዳ ዕለት የወረደው ነው። አባቴም ጫማ ሰፊ ነው።

* * *

ሙያችን አንድ ልማድ አለው። ዕቃ ያደሰ ሰው ሥራውን ሲጨርስ መሳቢያ ይገለብጥና ከሥሩ፣ ቫርኒሽ የማይነካው ጥሬ እንጨት ላይ፣ በእርሳስ አንድ ነገር ይጽፋል። ማንም አያየውም። የሚያነበው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሌላ ቫርኒሽ መቺ ብቻ ነው። የቡፌውን ሰባት መሳቢያዎች ሳወጣ ከመጀመሪያው ሥር እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

"ዛሬም ዝናብ። ቫርኒሹ አልደርቅ አለ። የቤቱ ጌታ ሚስታቸውን ባህር አሳይሻለሁ ሲሏት ሰማሁ። ይሄ ከመድረቁ በፊት ሳይወስዷት አይቀሩም።"

መሐንዲሷን ጠርቼ አሳየኋት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቀጥ አለ። አባቷ እናቷን የትም አልወሰዱም። ጎንበስ አለችና ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን መዘዘች። ጣቷ ጆሮዬን ነካው፤ ያ ጆሮ እስከ ዛሬ ከሌላኛው የበለጠ ይሰማል። ሁለተኛውን መሳቢያ ገልብጣ ጻፈችና ገፍታልኝ ሄደች።

"ካፒቴን፣ ባህር ጠዋት ጠዋት ምን ይሸታል?"

እትዬ ከሳሎኑ ስለማይጠፉ በአፍ መጠየቅ አልተመቻትም። እኔም ከሥሩ መለስኩ። "እርጥብ ገመድና የብርቱካን ልጣጭ። ዓሣ ነባሪ ካነጠሰ ግን ሦስት ቀን የሰፈር ልብስ አይደርቅም።"

በሦስተኛው ላይ "ድምፁስ ያስተኛል?" ብላ ጠየቀች። "የለመደውን ያስተኛል" አልኩ። "ያልለመደውን በስሙ እየጠራ ይቀሰቅሰዋል። እኔን ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ የለም አልኩት።"

አራተኛው ላይ ባህር የለም። እሷ እኔን ከመጀመሪያውም አንተ ነበር የምትለኝ፤ ቀጣሪ ናት፣ የተማረች ናት። እኔ ግን እርስዎ እያልኩ ነበር። "አንቱ አትበለኝ" ብላ ጻፈች። "እርሳስ የያዘ ሰው ሁሉ እኩል ነው።" እኔም "እሺ፣ አንቺ" ብዬ መለስኩ። ያቺን "አንቺ" ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

አምስተኛው ላይ "ሥራው መቼ ያልቃል?" አለች።

"መቼ ይለቅ?"

በማግስቱ ከሥሩ አንድ ቃል ተጨምሮ አገኘሁ። "አይለቅ።"

እኮ እንዴት ይለቅ! ሦስት ጊዜ የሚቀባውን ሰባት ጊዜ ቀባሁ። እሷ ደግሞ ዕቃ ማዛወር ያዘች። ጠዋት ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከምሳ በኋላ መሃል ላይ፤ ማምሻውን ወደ ጥግ። መስታወቱ አራቱንም ግድግዳ ዞሯል። ሁለቱ ወንበሮችማ ከመንከራተታቸው የተነሳ ፓስፖርት ሊያወጡ ምንም አልቀራቸው። ሳሎኑ አለቀ ማለት ቅዳሜ ደረሰ ማለት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አንለውም። እጃችን ብቻ አርፎ አይቀመጥም።

እትዬ ወንበራቸውን ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ "እናንተ ልጆች፣ ምን ነካችሁ?" ይላሉ። "ይሄ ቤት እኮ እግር አወጣ!"

* * *

ሰኞ ዕለት አልቻልኩም። ሰው ሲስቅልህ መዋሸት ደስ ይላል፤ ሰው ሲያምንህ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ስድስተኛውን መሳቢያ ገለበጥኩና ጻፍኩ፦

"ባህር አይቼ አላውቅም። አባቴ ጫማ ሰፊ ነው፤ መርከብ የሚያውቀው በሥዕል ነው። የነገርኩሽን ሁሉ አንቺ ስትስቂ እያየሁ ነው የፈጠርኩት። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። እወድሻለሁ። ይህኛው ከፈጠራው ውስጥ አይደለም።"

ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። መሳቢያውን መልሼ የቀለሙን ቆርቆሮ እንኳ ሳልከድን ሮጥኩ። ቤቴ ስደርስ ብሩሹ እጄ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆነው ገብተዋል።

ማክሰኞ ጠዋት እሷ ቢሮዋ ልትሰናበት ወጥታለች። ስድስተኛውን ሳብኩ፤ ከጽሑፌ በቀር ምንም የለበትም። መለስኩት። ደግሜ ሳብኩት። ሃያ ጊዜ ሳልስበው አልቀረሁም፤ ሲጎተት የነበረው መሳቢያ በዚያ ቀን ቅቤ ሆነ። እትዬ ከወዲያ ማዶ ሲያዩኝ ቆዩና መጡ።

"አንተ ልጅ።"

"አቤት እትዬ።"

"ስድስተኛውን ተወውና ሰባተኛውን ገልብጠው። ሥሩን ምስጥ የጀመረው ይመስለኛል። አንድ ነገር አድርግለት።"

ቫርኒሽ መቺ "አንድ ነገር አድርግ" ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ዓይኔ በሩ ላይ፣ እጄ ብሩሹ ላይ፣ ገለበጥኩ፤ ያንን ጥቁር ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። የቀባሁት መሳቢያ ይሁን ድመት በዚያች ሰዓት ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሲደርቅ ወደ ቦታው መለስኩት።

ረቡዕ መጣች። ሹራቧን እንኳ ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ ቡፌው ሄደች፤ መሳቢያ ሳበች፤ ቆመች። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ጀርባም ፊት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችውና ዞረች።

"እንደምን አደሩ?"

አደሩ! መሰላሉን ጨበጥኩ።

"ደህና ነኝ። አንቺስ..."

"ሥራው ዓርብ መጠናቀቅ አለበት። ይጨርሳሉ?"

"እጨርሳለሁ።"

"ጥሩ። እናመሰግናለን።"

እናመሰግናለን! እሷና ማን? እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ! አራተኛው መሳቢያ ላይ የሰጠችኝን በአንድ ጠዋት ነጠቀችኝ። ገባኝ፤ የጫማ ሰፊው ልጅ ሲዋሽ ደስ ይል ነበር፤ እውነቱን ሲናገር ከአጠገቧ ሊቆም የማይገባው ሰው ሆነ።

ያን ቀንና በማግስቱ ምንም ነገር አላዛወረችም። ወንበሮቹ በቆሙበት ቆሙ። ከሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

* * *

ዓርብ ከሰዓት መጋረጃውን ሰቀልኩ። ዋሽቼም ይሁን ሳልዋሽ፣ ክፍሉ አማረ። ፀሐይ በስሱ ጨርቅ ውስጥ ገብታ ነጩ ግድግዳ ላይ ትወዛወዛለች። የሰሌኑ ምንጣፍ አሸዋ መሰለ፤ ሰማያዊዎቹ ትራሶች ጥቁሮቹ ወንበሮች ላይ ቁጭ ብለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ቡፌው! ሰባት ጊዜ የተቀባ ጥቁር እንጨት፣ ብርሃኑ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ነጩን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነጭ ብቻ ቢሆን ክፍሉ ነፋስ የሚወስደው ወረቀት ይሆን ነበር፤ እሱ ነው የያዘው። መሐንዲሷ አየችው። ከዚያ እኔን አየችና ዓይኗን ቶሎ ሰበረች።

እትዬ ገቡ። ደፍ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

"ይሄ ነው እንግዲህ ባህር?"

"ካፒቴን ይንገሩሽ እንጂ እማዬ" አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ እንደ አዲስ ምላጭ ነው። "ያደጉበት እሳቸው ናቸው።"

እውነቱን አንብባ ይህን ማለቷ ውስጤ ገባ። የያዝኩትን ጨርቅ አስቀመጥኩ።

"እትዬ፣ እኔ ባህር አላውቅም። ካፒቴን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ቤቱ ምን ዕቃ እንዳለም አላውቅም። አባቴ ጫማ ሰፊ ነው። ያንን እንጨት ነጭ መቀባት አንጀቴ እምቢ ስላለኝ ነው የዋሸሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እትዬ አልደነገጡም። ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓሣ በየጠዋቱ በራችንን ያንኳኳ ነበር ካልከኝ ቀን ጀምሮ ነዋ! ባህር ያየ ሰው ይህን ያህል አያወራም ልጄ።" እጃቸውን በቡፌው ጫፍ ላይ አሳለፉ። "ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ ስለ ባህር አወራልኝ። አይቶት አያውቅም፤ አለማየቱንም አውቅ ነበር። ግን እሱ ሲያወራ እዚህ ቤት ንፋስ ይገባ ነበር።"

 ብሩሾቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይወድቃል።

"ይኸው ነው?" አለች ልጅቷ ከኋላዬ።

"ሥራው አልቋል።"

"ለእናቴ በአፍዎ ነገሯት። እኔን ግን አንዲት ቃል እንኳ ነፈጉኝ!"

"እኔማ ጻፍኩልሽ! ያለኝን ሁሉ ጻፍኩልሽ፤ መልስ የነፈግሽኝ አንቺ!"

"እኔ?" ወደ ቡፌው ተንደረደረች። ሰባተኛውን መሳቢያ ነቅላ አወጣችውና ገልብጣ ደረቴ ላይ ገፋችው። ሥሩ እንደ ሌሊት ጥቁር ነው። "ይሄ ምንድን ነው ታዲያ? ተንበርክኬ የጻፍኩት ነው! አልፈልግሽም ማለት ከብዶህ ነው? ቃል ጠፍቶህ ነው? ቀባኸው! አንድ ጊዜ አልበቃህ ብሎ ሁለት ጊዜ ደርበህ ቀባኸው! ረቡዕ ገልብጬ ሳየው ያቃጠለኝን አታውቅም፤ በሰው ልብ ላይ ቫርኒሽ ይመታል?"

ወገኖቼ፣ ሰው እየተሰደበ ደስ ይለዋል? ከእርስዎ ወደ አንተ በንዴት ነበር የተመለሰችው፤ እሷ አላስተዋለችም፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ቆጥሬያለሁ።

"ስድስተኛው ላይ ነው የጠበቅኩት" አልኩ። "ከጽሑፌ ሥር።"

"የት ቦታ ተውክልኝ? ከዳር እስከ ዳር ሞልተኸው!"

"ቀባኸው?" አሉ በዚህ መሃል እትዬ። ከወንበራቸው ተነሥተዋል። "አንተ ልጅ፣ እውነት ቀባኸው?"

"ምስጥ ነው አሉኝ፤ አንድ ነገር አድርግለት አሉኝ..."

"የምን ምስጥ! ገልብጠው ያልኩህ እንድታነበው ነው እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ምን ዓይነት ድንጋይ ልጅ ነው፣ አንብቦ ዝም የሚል እያልኩ ስበሳጭ!"

"እማዬ!" ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "አንብበሽዋል?"

"መነጽሬን ሳላደርግ ነው" አሉ እትዬ።

መሳቢያውን አቅፌ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሙያዬ ነውና የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሳስ ጥቁር ቫርኒሽ ሥር አይሞትም። ፊት ለፊት ስታየው የለም፤ እንጨቱን ወደ ብርሃን አጋድመህ ከጎን ስታየው ግን ያብረቀርቃል። አጋደምኩት። መጀመሪያ ምንም። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ከጥቁሩ ውስጥ አንድ የብር ክር ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ፤ ጨረቃ ውሃ ላይ ስትወጣ እንዲህ ነው ቢሉኝ አምናለሁ። እያጋደምኩ፣ መስመር በመስመር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

"ውሸታም መሆንህን ከሁለተኛው መሳቢያ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለ ጫማ ሰፊው ልጅ የጻፍከው ግን ከባህሩ ሁሉ በለጠብኝ። እኔም ባህር አይቼ አላውቅም። ይህን ሳሎን ከመጽሔት አይቼ ጀመርኩት፤ የጨረስኩት ግን አንተ ከነገርከኝ ነው። አሁን ፈርቻለሁ። ብቻዬን ሄጄ እውነተኛውን ካየሁት ያንተኛው ይጠፋብኛል። ስለዚህ..."

እዚያ ላይ ቆመ። ጫፉ ላይ ቫርኒሹ ተጠራቅሞ ወፍሯል። ወደ ግራ አጋደምኩ፤ ወደ ቀኝ አጋደምኩ፤ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጥቁር ብቻ።

"ስለዚህ ምን?"

 መጋረጃው ተነሥቶ ትከሻዋን ነካና ተመለሰ።

"አይታይም" አልኩ። "የመጨረሻው አይታይም። ስለዚህ ምን?"

"እኔ አልደግመውም።"

"ረጅም ነው?"

"አጭር ነው። ካለው ቃል ሁሉ አጭሩ።"

"በይ ንገሪው እንጂ!" አሉ እትዬ ትዕግሥታቸው አልቆ። "ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል፤ ይሄ እንደሆነ ከፈቀድሽለት እላዩ ላይ ሦስተኛ ይደርብበታል!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ። "ልጄን ሰጠሁህ አላልኩም፤ መሳቢያውን ገልብጠው ነው ያልኩት። አባትህንም ገና አላየኋቸውም። ግን ከሄድክ... ከሄዳችሁ፣ ስትደርሱ ጻፍልኝ። ያየኸውን እንዳትጽፍልኝ ታዲያ። እንደ ለመድከው ጻፍልኝ።"

የእትዬ ዓይን ቡፌው ላይ ነበር። የልጅቷ ዓይን ደግሞ እኔ ላይ፤ ያ መጀመሪያ ቀን ከመሰላል የጣለኝ አስተያየት፣ አንገቷ ዘንበል ብሎ።  ስድስት ሳምንት ወንበር ስታንከራትት የነበረች እጇ አየር ላይ ቀረች፤ የምታዛውረው ዕቃ አጣች።

"ና" አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ቡፌው መልሕቁን ነቅሎ በመስኮቱ ወጣ፣ ዓሣውም መጥቶ በሩን አንኳኳ እላችሁ ነበር። አልልም። መሳቢያውን እንዳቀፍኩ እዚያው ነጭ ብርሃን ውስጥ ተንበርክኬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጨምርበት አጣሁ። ልቤ ግን፣ ያ ማረፍ የማያውቅ፣ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።